የፍሬም ልክ

መስታወት ቆራጭ ነኝ፤ ቱሉ ዲምቱ ዳር፣
ከብሎኬት ማምረቻው፣ ከፌሮ ቤቱ ጋር
ግድግዳ የሚጋራ ጠባብ ሱቅ አለኝ፤
ሠርግና ምርቃት፣ ሙት ዓመት ነው ያኖረኝ።

የሐኪም ዲፕሎማ ግን ለብቻው ነው ጠባዩ፤
ባሕር ሳልሻገር አገሮች በልካቸው እጄ ላይ ታዩ።

ድሮ፣ ቃሊቲ ሳለሁ፣ ጢሜ ሳያቀምቅም፣
የሚመጣልኝ ደብተር ነበር፤ ጠንካራ ልባስ፣ የወርቅ ቀለም፤
ኪየቭ፣ ሌኒንግራድ፣ ኦዴሳ።
«በ»ን የመሰለ ፊደል አለው፣ «ቀ»ን የመሰለ፤
ብገጣጥመው አንድ ቃል አልወጣው፤ እንዲያው አታለለ።
«ደብተር ደግሞ እንዴት ይሰቀላል?» ብላቸው
ዶክተር ሽብሩ ሳቁ፤ «ገልጠህ በጀርባው ለጥፈው፤
መንግሥት ነው የላከኝ፣ መንግሥት ይየው።»

ከዚያ ኩባ መጣ፤ ሰፊ ወረቀት፣ ካርቶን የሚጨርስ፤
አባታቸውን ኦጋዴን ያስቀረባቸው፣
በመርከብ ሄደው ጥርሳቸውን እዚያ የቀየሩ ልጆች ናቸው፤
ሲቆጡ በስፓኒሽ፣ ሲታረቁ ባማርኛ።

ቀጥሎ ቀይ ክላሰር፤ ቻይና። ፎቶው ከማኅተሙ ሥር።
በአንድ ክረምት አሥራ አራት ገጠምኩ፤ ጣውላ አለቀብኝ፤
«ማነው የላከሽ?» ስላት አንዷን፣ «ማን ይልከኛል?» አለችኝ፤
«የእናቴ ሱቅ ተሸጦ ነው።»
ያኔ ገባኝ፦ ወረቀቱ ብቻ አይደለም የተቀየረው፤
ከፋዩም ነው።

ከዚያ ካርቱም፤ ከዚያ አንድ ሁለት ህንድ፤
ከዚያ ዞሮ ዞሮ ያው ዩክሬን፣ ያው የድሮው መንገድ፣
አሁን ግን በመሬት ካሳ።

አቶ ዋቅጅራን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል።
ያ ብሎክ፣ ሊፍቱ ገና ያልተገጠመለት፣
የሳቸው ሽምብራ ነበር፤ እሸቱን የበላሁበት።
በካሳው ብር ጎረቤት ሚኒባስ ገዛበት፤
እሳቸው ልጃቸውን ኦብሴን ካርኪቭ ሰደዱበት።
ሦስተኛ ዓመት ስትገባ መጡ፤ ኮታቸው ላይ አቧራ፤
«ልኩን ታውቀው የለ? ከአሁኑ ሥራ።»
በዋንዛ ሠራሁት። ባዶውን ወስደው ሰቀሉት።
እንግዳ ሲመጣ፣ በመስታወቱ ጀርባ
የጭቃ ግድግዳቸውን በጣታቸው እየነኩ፣
«እዚህ ጋ ስሟ ይገባል» ይላሉ።

በአምስተኛው ዓመቷ፣ በየካቲት፣ ቦምብ ወረደ።
ኦብሴ እስከ ፖላንድ በእግርም በባቡርም፤
አዲስ አበባ የገባችው በአንድ የውጤት ወረቀት፣
አራት ቦታ የታጠፈ፣
ማኅተሙ በረዶ ነክቶት የጎደፈ።
«አቻ ግምት ይሠራለት» አላት አንዱ መስኮት፤
«ያላለቀ አይገመትም» አላት ሌላው መስኮት።
ትብሊሲ የሚሉት ተቀብሏታል፤ ቪዛ ትጠብቃለች።
እስከዚያው እሽብሩ ክሊኒክ
ጓንት ታቀብላለች።

ባለፈው ሐሙስ ስድስት ሚሊ መስታወት
መዳፌን ከፈለው።
ክሊኒኩ ገባሁ፣ ደሜን በጋዜጣ ይዤው።
ዶክተሩ ሸምግለዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤
መርፌውን ለሷ ሰጥተው፣
መብራት የለምና ባትሪ ያዙላት።
«አዲን» አለች በለሆሳስ፤
«ድቫ» አሉ እሳቸው፤
«ትሪ» ላይ ሁለቱም አንድ ላይ።
እኔ ጥርሴን ነክሼ፣ ዓይኔ ግድግዳው ላይ፦
ደብተሩ እዚያው አለ፤
የዚያን ጊዜው ሙጫዬ ወይቦ
በጠርዙ አፈትልኮ።

አምስት ስፌት። ፋሻውን ስትጠቀልልልኝ፣
«ያ የአባቴ ፍሬም» አለችኝ፣
«የትብሊሲው ወረቀት ያንሳል አሉ። ይቆረጣል?»
«ዋንዛ ነው» አልኳት፤ «ማሳነስ ይቻላል፤
ማስረዘም ነው የማይሆነው።
ክሩ ይውጣልኝና እመጣለሁ፤
አሁን በዚህ እጅ
መጋዝ አልይዝም።»